የታጠበችው ጥንቸል

ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ምን ያደርግለታል?

ወንድም ጋሼ፣ ቤትህ የገባ ሰው ሁሉ ኮቱን ሳያወልቅ የሚጠይቅህ ይህን ነው። አንተም ሁሌ ያችኑ ሳቅህን ትስቅና ጓንትህን አጥልቀህ፣ የመስታወቱን ሳጥን ከፍተህ ጥንቸሏን ታሳያለህ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ መጀመሬን ለታናሽነቴ ማርልኝ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ካራጋንዳ ብርዱ ከወዲሁ ገብቷል አሉ፤ ባለቤትህ የሳል መድኃኒቷን እንዳትረሳ ንገራት። ልጅህ ናዚምዬስ? የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? ጉንጯን ሳምልኝ። እኔ በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ። ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ አልማቲን ጥዬ ዤዝካዝጋን ገብቻለሁ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ የጠፈር መንኮራኩር ሲወርድ በሄሊኮፕተር ሄዶ ከሚቀበለው ቡድን ጋር እሠራለሁ። ሥራዬ ማዳመጥ ነው፤ መንኮራኩሯ የምትልከውን የራዲዮ ምልክት ተከታትዬ የት እንዳረፈች መናገር። የተከራየሁት ክፍል ጠባብ ነው፤ ሙቅ ውኃው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል። ቢሆንም ጠዋት ስነቃ ብቻዬን እስቃለሁ። ይህን ደስታ ለማን ልንገር? እናታችን የለችም። አንተ ደግሞ ስትደውልልኝ ያወራኸው የራስህን ብቻ ነው፤ የት እንዳለሁ እንኳ አልጠየቅከኝም።

የምጽፍልህም ስለዚያ ስልክ ነው። በአፍ ስታወራኝ ታስቀኛለህ፤ ስስቅ ደግሞ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

አሻንጉሊቶችህን ለሰው የምታሳይበት ክፍል አልቋል አልከኝ። ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቷል፣ መብራቱ ተገጥሟል፣ የቴሌቪዥን ሰዎችም ለመክፈቻው እንመጣለን ብለዋል። ቁልፏ ሲጠመዘዝ የምትሄደው የጨረቃ ጋሪ፣ ውሻ የተቀመጠችባት የቆርቆሮ ሮኬት፣ የአዲስ ዓመት ዛፍ ላይ የሚንጠለጠሉት የብርጭቆ ጠፈርተኞች፣ ሁሉም የየራሳቸው መደርደሪያ አግኝተዋል። መሀል ላይ ጥንቸሏ ብቻዋን ትቀመጣለች። ደስ አለኝ፤ የምሬን ነው። ሰው ሲስቅብህ፣ ባለቤትህ ስትቆጣህ፣ የገበያ ጉልት ለጉልት እየዞርክ የሰበሰብከው ነው።

ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አደረግህ። «ኢንጂነሯ» አልከኝ። ስትፈልገኝ ነው እንዲህ የምትለኝ። ዛሬ ሰው ተጠራጣሪ ሆኗል፣ ከጠፈር ለመምጣቷ ምን ማስረጃ አለህ የሚለኝ በዝቷል አልከኝ። አያታችን ሞቷል፣ አባታችን ሞቷል፣ እናታችንም ሄደች፤ ካዩት ሰዎች የቀረሽ አንቺ ነሽ፣ የተማርሽም ነሽ፣ ማይክሮፎኑን ይዘሽ ሁለት ነገር ብቻ ትናገሪያለሽ አልክ። አንደኛው፣ ይህች ጥንቸል ሰማይ ደርሳ የመጣች ናት። ሁለተኛው፣ ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ፣ የምስራች ብሎ ጮኾ የተሸለማት ናት። ከዚያ ሳቅህ መለስ አለና «ምን ይጎድልብሻል?» አልከኝ።

ምን እንደሚጎድልብኝ ልንገርህ።

ለሥራው ቃለ መጠይቅ ስቀርብ የቡድኑ አለቃ፣ ዱይሰን የሚባል ጢማም ሰውዬ፣ ከአልማቲ ምን አባሮሽ መጣሽ አለኝ። እንዲህ ያለውን ሥራ ለምን ፈለግሽ ማለቱ ነው። ያንን ቀን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ገና መንኮራኩር ሲወርድ አይቻለሁ ከማለቴ ማመልከቻዬ ላይ የአባቴን ስም አየና ጠረጴዛውን መታ። የካራጋንዳው አሻንጉሊት ሰብሳቢ ምንሽ ነው? ያ ለጠፈርተኛው የምስራች ብሎ ጮኾበት ጥንቸል የተቀበለው? ወንድሜ ነው አልኩት። «ታድለሽ» አለኝ፤ «እንደሱ ባታዪም ታሪኩን እየሰማሽ አድገሻል።» ምን እላለሁ? ወንድሜ ሌባ ነው ልበል ለማላውቀው ሰው? ሌላ ምክንያት ፈጠርኩለት፤ ደሞዝ አልኩት። ሕይወቴን ሁሉ ወደዚያ ክፍል የጎተተኝን ነገር፣ እዚያ ክፍል ደርሼ መናገር አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ያንተ ሆኗል።

እስቲ አንዴ እንኳ እንደሆነው ልጻፈው። ታውቀዋለህ፤ ግን ደጋግመህ ሌላውን ስለተናገርክ የረሳኸው ይመስለኛል።

አንተ ዐሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ስምንት። ድርቆሹ ታጭዶ የተከመረበት ሰሞን ነው። እኔ ክምሩ ላይ ወጥቼ እንሸራተታለሁ፤ አያታችን ከታች ሞተር ሳይክሉን ይጠጋግናል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነጎድጓድ መጣ። ውሾቹ ጋጣ ውስጥ ተወሸቁ። ቀና ስል አንዲት ነጥብ አየሁ፤ ከነጥቧ በላይ ነጭና ብርቱካናማ ፓራሹት ተዘርግቷል። ድምፅ የለውም። እንደዚያ የሚያህል ነገር እንዲያ ዝም ብሎ እየተወዛወዘ ሲወርድ ሳይ መሸራተቴን ተውኩ። አያታችንን ጠራሁት። ዓይኑን ከልሎ አየና አንስቶ በሞተር ሳይክሉ ጎን የተለጠፈችው መቀመጫ ውስጥ ከተተኝ።

አንተ አልነበርክም። አንተ ከወንዙ ማዶ ከባዝራዎቹ ጋር ነበርክ።

ሜዳውን እያቋረጥን ሳለ መሬት ልትነካ ስትል ከሥሯ እሳት ብልጭ አለና አቧራው ዋጣት። ስንደርስ ሄሊኮፕተሮቹ ቀድመውናል። ሣሩ ይጨሳል። መንኮራኩሯ በጎኗ ተጋድማለች፤ እኔ የሚያብረቀርቅ ነገር ስጠብቅ ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ድስት ሆና አገኘኋት። ሦስቱን ጠፈርተኞች አውጥተው ወንበር ላይ አስቀምጠው ብርድ ልብስ ደርበውላቸዋል። ወታደሩ አያታችንን አስቆመው። እኔ በክንዱ ሥር ሾለክሁ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደስ የሚል ወሬ ቀድሞ ያመጣ የምስራች ይላል፣ የሰማው ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ይሸልመዋል፤ ልጅ ሲወለድም፣ ወታደር ሲመለስም እንዲህ ነው የማውቀው። መሀል የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል፣ ያልበዋል፣ የት እንዳለ የገባው አይመስልም። ማንም የነገረውም አልመሰለኝም። ፊቱ ቆሜ ባለኝ ድምፅ ጮኽኩበት።

«የምስራች! መሬት ደርሰሃል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የደም ግፊቱን የምትለካው ሐኪም ሥራዋን አቁማ ሳቀች። የመጣውን ሰውዬ ራሱን፣ መጥተሃልና ሸልመኝ ይባላል? አያታችን ግን ከወታደሩ ጀርባ ሆኖ በሩስኛ ጮክ ብሎ ወጉን አስረዳ፤ ሽልማት እንደሚገባኝም ጨመረበት፣ መቼም ሽማግሌው አያፍርም ነበር። ሰውዬው አልሳቀም። አንገቱ ጭንቅላቱን መሸከም አቅቶት እየተንገዳገደ አየኝ። «ልክ ናት» አለ። «እስካሁን ማንም አልነገረኝም።»

ከመንኮራኩሯ ውስጥ ፊታቸው ላይ ተንጠልጥላ የነበረችውን ጥንቸል ቆርጠው እንዲያመጡለት አዘዘ። ልጁ በኪሮሽ የሠራችለት ናት። ሲወጡ ክብደት ሲጠፋ ቀድማ የምትንሳፈፈው እሷ ናት፣ ሰማይ ደረስን የምትለን እሷ ናት አለ፤ አያታችን ነው የተረጎመልኝ። እሷም የምስራች ነጋሪ ስለሆነች ለምስራች ነጋሪ ትሁን ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ጭስ ጭስ ትሸት ነበር። መዳፌ ውስጥ ልክክ ትላለች፤ ጣቶቼን ስጨብጥ ጨርሳ ትጠፋለች። የስምንት ዓመት ልጅ ጣት ምን ያህል እንደሆነ ናዚምን ጠርተህ እይ።

አንተ የደረስከው ሄሊኮፕተሮቹ ሊነሱ ሲሉ ነው፤ ፈረስህን ላብ አጥምቆት። ስንመለስ የሞተር ሳይክሉ ጎማ ተነፈሰ። አያታችን ሲታገል አንተ ከፈረሱ ላይ ጎንበስ ብለህ «ስጪኝ ልያዝልሽ፣ ነፋስ ይወስድብሻል» አልከኝ። ሰጠሁህ። ለታላቅ ወንድም የማይሰጥ ምን ነገር አለ? ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራህን ነው።

ቤት ስንደርስ ሁሉም አልቋል። በሩ ላይ የምስራች ብለህ ጮኸሃል፣ ጥንቸሏን ከፍ አድርገህ አሳይተሃል፣ አባታችን ቀዩን የፈረስ ውርንጭላ ሸልሞሃል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እናታችን ከረሜላ ስትበትን ነው የገባነው። አያታችን አባታችንን ወደ ጋጣው ወስዶ ነገረው። ከበሩ ውጪ ቆሜ ሰማሁ። አባታችን የመለሰለትንም ሰማሁ። «ውርንጭላውን አንዴ ሰጥቻለሁ፣ ሰው አይቷል። ደግሞስ አንድ ቤት አይደለም? እሱ ያዛት እሷ ያዘቻት ምን ልዩነት አለው?» አያታችን አቀርቅሮ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። ጎረቤታችን ቢቢጉል፣ ወንድምሽ ሲደሰት ፊትሽን የምታጠቁሪው ምን ዓይነት ምቀኛ ነሽ አለችኝ በሰው ፊት። እናታችን ከረሜላውን ይዛ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም። ለብዙ ዓመት ይቅር ያላልኳት ለዚያ ዝምታዋ ነው።

ጥንቸሏ የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። እጄን ስዘረጋ «አትንኪ» ትለኛለህ። ቆየት ብሎ የቆርቆሮዋ ሮኬት መጣች፤ «አትንኪ»። የጨረቃ ጋሪዋ መጣች፤ «አትንኪ፣ ሞላዋ ይበጠሳል»። ክፉ ብቻ አልነበርክም፤ ያን ሞላ ስትጠግን አጠገብህ አስቀምጠህ የእያንዳንዱን የማርሽ ጥርስ ሥራ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ፤ እሱም ቢሆን በዓይኔ ብቻ። ሌላው ልጅ ሲጫወትበት ይወጣለታል። እኔ ከመስታወት ማዶ እያየሁ ስላደግሁ አልወጣልኝም፤ እውነተኛውን ካልነካሁ ብዬ ይኸው ኢንጂነር ሆኜ አረፍኩ። ለዚህ ላመስግንህ ወይስ ልርገምህ፣ ገና አልወሰንኩም።

በዚያው ሰሞን ስለሆነው ነገር ያንተን ቃል ልጻፍ፤ ለጎብኚ ሁሉ ስለምትናገረው በቃሌ ይዤዋለሁ። «እናቴ ጭስ ሸተተች ብላ አጠበቻት፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ አበጠች፣ ቀለሟም ተለወጠ።» ጎብኚዎቹ ይስቃሉ። እናት እንዲህ ናት ይላሉ።

ታጥባ ግድግዳው ላይ ከተመለሰች በኋላ እናታችን ለብቻዬ ጠራችኝ። ከቀሚሷ ኪስ አንዲት ጥንቸል አውጥታ ሰጠችኝ። «ይቺ ያንቺ ናት። ለማንም አታሳዪ፣ ለወንድምሽም።» ያለችኝ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረችም። ልታባብለኝ የሠራቻት መሰለኝ፤ ምትክ። ተናድጄ አልጋ ሥር ወረወርኳት። ግን ሰው ምትክንም ይለምዳል። ትምህርት ቤት ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ አልማቲ ማደሪያ ትራሴ ሥር፣ ፈተና ስገባ ቦርሳዬ ውስጥ። አሁንም ይህን ስጽፍልህ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

የእናታችን አርባ ቀን ትዝ ይልሃል? ዕቃዋ ለዘመድ ሲከፋፈል የሐር ሻሿ ለባለቤትህ ደረሰ፣ የብር አምባሯ ለአክስታችን። ለእኔ ማንም ያልፈለገው የክር ከረጢቷ ተረፈኝ። አንተ ሥጋው እየተበላ ስለ አዲሱ ሳጥን መስታወት ውፍረት ለአጎታችን ታብራራ ነበር። ከረጢቱን ሳልከፍተው እዚህ ድረስ ይዤው መጣሁ። ባለፈው፣ ከደወልክልኝ በኋላ፣ የጓንቴ ጣት ተቀዶ ክር ስፈልግ ከፈትኩት። ከሥር፣ የግመል ጠጉሩ ክር ድቡልቡል ውስጥ ተወትፋ አንዲት ጆሮ አገኘሁ። የጥንቸል ጆሮ። በኪሮሽ ተጀምራ ከልክ በላይ ትልቅ ስለሆነች የተተወች።

ከእኔዋ ጆሮ ጋር አስተያየኋት። አይገናኙም። የእኔዋ ለስላሳ ናት፣ ግራጫ ሆና ወደ ሰማያዊ ታደላለች፤ እንዲያ ያለ ክር እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። አንገቷ ላይ አጭር የናይለን ገመድ አለ፤ እናታችን ለጌጥ ያሰረችላት ይመስለኝ ነበር። ኢንጂነር ነኝ ብዬ እኮራለሁ፣ የገመዱ ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ያየሁት ግን አሁን ነው። እንደገና መዳፌ ላይ አስቀመጥኳትና ጨበጥኳት። ጣቶቼ አድገዋል፤ በስምንት ዓመቴም ግን ጨርሳ ትጠፋ ነበር።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። እናታችን ባሏን ሳታሳፍር፣ አንተንም በሰው ፊት ሳታዋርድ በኪሮሽ የጨረሰችውን ነገር እኔ በብዕር አልተረትረውም። እኔን ብቻ ነው የቆጨኝ፤ የከዳችኝ መስሎኝ ሳኮርፋት ኖርኩ፣ አሁን ሄጄ የምነግራት ቦታ የለኝም።

አንተ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ጓንትህን አውልቅ። ሳጥኑን ክፈትና በባዶ ጣትህ ጆሮዋን ንካት። ስንት ዓመት ሙሉ በባዶ እጅህ ነክተሃት አታውቅም። የቤታችን የግመል ጠጉር እንዴት እንደሚወጋ ደግሞ ታውቃለህ፤ በዚያ ሹራብ አንገትህን እያከክ ነው ያደግከው።

ከወጋህ እኔ የእኔዋን ይዤ እመጣለሁ። ከመክፈቻው በፊት፣ አንተና እኔ ብቻችንን እንለዋወጣለን። ለባለቤትህም አልነግርም። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዤ ይህች ጥንቸል ሰማይ ደርሳ የመጣች ናት እላለሁ፤ ድምፄም አይንቀጠቀጥም። ሁለተኛውን ነገር አልልም። ማን ቀድሞ እንደጮኸ አንተው ለሰው ንገር፤ እንዴት አድርገህ እንደምትናገረው ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ። በልውውጡ ከሰርሽ ብለህ እንዳትስቅብኝ። የሰብሳቢ ወዳጆችህ ቢሰሙ አብዳለች እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የእናቴ ጣት ያረፈበት ነገር እኔ ጋ ያለው አንዲት ያልተጨረሰች ጆሮ ብቻ ነው።

ዝም ካልከኝ ግን አልመጣም፣ የሚመሰክርልህ ሌላ ፈልግ። በሚመጣው ወር መንኮራኩር ይወርዳል፤ እኔ ምልክቷን እያዳመጥኩ እዚያው ሜዳ ላይ ነኝ። ዱይሰን፣ የዚህ አገር ሰው ከራዳራችን ይቀድማል፣ ገና ሳናርፍ ልጆቹ ከበውን እናገኛቸዋለን ይላል። ከነዚያ ልጆች አንዷ በወታደሩ ክንድ ሥር ሾልካ የምስራች ብትለኝ፣ ባዶ እጇን አልመልሳትም። ኪሴ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ።

አላህ ወገብህን ያበርታልህ፣ ቤትህን በእንግዳ ይሙላልህ፣ ናዚምን ያሳድግልህ። የቆርቆሮዋን ሮኬት ስትነካብህ ዝም በላት፤ ቢሰበር ይሰበር። የእናታችንን ነፍስ በገነት ያኑርልን።

እና ጻፍልኝ። ረጅም አያስፈልገኝም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩህም። ጓንትህን አውልቀህ ከነካሃት በኋላ ይወጋል ወይም አይወጋም ብለህ ብቻ መልስልኝ።

የምስራች ነጋሪዋ ታናሽ እህትህ